ኬሚካል ዘረመልን ይጎዳ እንደሆነ በሴል ሲመረመር ውጤቱ በየላቦራቶሪው እንዳይለያይ እንዴት ይሠራል?

ሁለት ላቦራቶሪዎች አንድን ኬሚካል መርምረው አንዱ «ይጎዳል»፣ ሌላው «አይጎዳም» ቢሉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ኬሚካሉ ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ ነው። ይህን በማይክሮኒውክለስ ምርመራ እንየው። ማይክሮኒውክለስ የሚባለው ሴሉ ሲከፈል ከዋናው ኒውክለስ ውጭ የቀረ የክሮሞዞም ስባሪ ወይም ሙሉ ክሮሞዞም ነው፤ ምርመራው ይህን በመቁጠር ጉዳቱን ይለካል። መነሻችን የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ለዚህ ምርመራ ያወጣው መመሪያ ቁጥር 487 ይሁን።

መጀመሪያ ሴሉን ይምረጡ። ከሰው ደም የሚወሰድ ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል)፣ በላቦራቶሪ የሚራባው የሰው ሴል ቲኬ6 ወይም ከሃምስተር የተገኘው ቪ79 ሊሆን ይችላል። እኔ ብመርጥ የሰው ሴል እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም ቪ79ን በመሳሰሉ ሴሎች ፒ53 የተባለው የዘረመል ጠባቂ ፕሮቲን በትክክል ስለማይሠራ ጉዳት የሌለው ኬሚካል ጎጂ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሴሉ ማይኮፕላዝማ ከተባለው ባክቴሪያ ንጹሕ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ቀጥሎ መጠኑን ይወስኑ። ሴሉን የማይመርዝ ኬሚካል እስከ 10 ሚሊሞላር ወይም በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም፣ ከሁለቱ ዝቅተኛ እስከሆነው ድረስ ይሞከራል። የሚመርዝ ከሆነ ግን የሴሎቹ እድገት 55 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ያቁሙ። ከዚያ ካለፉ የሚሞቱት ሴሎች ራሳቸው ዲኤንኤያቸውን ስለሚሰባብሩ የሚቆጥሩት የሞትን ምልክት ይሆናል። ቢያንስ ሦስት መጠን ያስፈልጋል።

ብዙ ኬሚካል ጎጂ የሚሆነው ጉበት ከለወጠው በኋላ ነው። ስለዚህ ኤስ9 የተባለውን የአይጥ ጉበት ዝግጅት ጨምረውም ሳይጨምሩም ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያጋልጡ። ያለ ኤስ9 ደግሞ ለአንድ ተኩል እስከ ሁለት የሴል ዑደት (ዑደት ማለት ሴሉ አንዴ ተከፍሎ እንደገና እስኪከፈል ያለው ጊዜ ነው) የሚቆይ ሌላ ሙከራ ይጨምሩ። በየሙከራው የታወቀ ጎጂ ይኑር፤ ያለ ኤስ9 ማይቶማይሲን ሲ፣ ከኤስ9 ጋር ሳይክሎፎስፋማይድ። ሳይክሎፎስፋማይድ ጉዳት ካላሳየ ኤስ9ኙን ይጠርጥሩ።

ሳይቶካላሲን ቢ የተባለው ንጥረ ነገር ሲጨመር ኒውክለሱ ይከፈላል፣ ሴሉ ግን አይለያይም። ባለ ሁለት ኒውክለስ ሴሎችን ብቻ መቁጠር ያለብን ለዚህ ነው፤ በእርግጥ የተከፈሉት እነሱ ናቸውና።

አሁን ከባዱ ሥራ ይመጣል፤ ቆጠራው። የላቦራቶሪዎች ውጤት በዋናነት የሚለያየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጠው ከኒውክለሱ አጠገብ ትንሽ ክብ ነገር ሲያዩ ወዲያው አይቁጠሩ። ዲያሜትሩ ከዋናው ኒውክለስ ዲያሜትር ከ1/16 እስከ 1/3 ነው? ቀለሙ ከኒውክለሱ ቀለም ጋር ይመሳሰላል? ሌንሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ እንደ ቀለም ዝቃጭ ያብለጨልጫል? ካብለጨለጨ ይተዉት። ኒውክለሱን ቢነካም ጠርዙ ለብቻው መታየት አለበት፤ በቀጭን ድልድይ ከተያያዘ አይቆጠርም። ስላይዶቹ በኮድ ይሰየሙ፤ ቆጣሪው የትኛው መጠን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ለአንድ መጠን ቢያንስ 2000 ባለ ሁለት ኒውክለስ ሴሎች ይቆጠራሉ። አዲስ ቆጣሪ ከመጀመሩ በፊት ነባሩ የቆጠራቸውን ስላይዶች ይቁጠር፤ የተለያዩበትን ሴል አንድ በአንድ አብረው ይዩት።

ኬሚካል ያልነካቸው ሴሎች ስንት ማይክሮኒውክለስ እንደሚያሳዩ መዝግበው ያቆዩ። ቢያንስ 10፣ ቢቻል 20 ሙከራ ሲጠራቀም የላቦራቶሪዎን የተለመደ ወሰን ያገኛሉ። የዕለቱ ቁጥር ከዚያ ከወጣ የኬሚካሉን ውጤት ከመተርጎምዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።

«ይጎዳል» ለማለት ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ ካልተነካው ጋር በስታቲስቲክስ የጎላ ልዩነት፣ መጠን ሲጨምር የሚጨምር ጉዳት፣ ከተለመደው ወሰን የወጣ ቁጥር። አንዱም ካልታየ «አይጎዳም» ይባላል። በመካከል ከቀረ ተጨማሪ ሴሎች ይቁጠሩ ወይም መጠኖቹን አቀራርበው ሙከራውን ይድገሙ፤ የመጀመሪያውንም ውጤት በሪፖርቱ ውስጥ ያስገቡ።