ሳህኑን ከመገልበጣችሁ በፊት፦ በጣሊያን ፖርሴሊን ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንዲት እህት ከሮም በባቡር ተሳፍራ እዚህ ፍሎረንስ ድረስ መጣችብኝ። ሻንጣዋን ስትከፍት ስድስት ሳህኖች በነጠላ ተጠቅልለው ተኝተዋል። አንድ በአንድ ፈታችና ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። የመጨረሻውን ገልብጣ ሰማያዊውን ምልክት፣ ዘውድ የደፋውን የላቲን ፊደል N፣ በጣቷ እያሳየችኝ፣ «እትዬ፣ ይኸው ኤን ከነዘውዱ። የካፖዲሞንቴ ነው፣ የንጉሥ ገበታ ዕቃ ነው ብለውኛል» አለችኝ። አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ሰባኛ ዓመት ልደት ልትልከው ነው። የሦስት ወር ደመወዟ ወጥቶበታል።

ሳህኖቹ የንጉሥ አልነበሩም። እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ ለሰው ስናገር በዚህ ዓመት ብቻ አራተኛዬ ነው፤ ልቤ ስላልቻለ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ጣሊያን ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ፤ ኋላ የተሰበረ ፖርሴሊን (ሲኒ የሚሠራበትን ስስ ሸክላ) ከሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ገብቼ ሙያውን ተማርኩ፤ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሳህኑ በፊት ምልክቱን ማንበብ

ሰው ሳህን ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው መገልበጥ ነው። ከጀርባው ያለውን ምልክት ያነብባል፣ ስልኩ ላይ ይፈልጋል፣ የሚመስል ነገር ሲያገኝ ያምናል። ሳህኑን ራሱን ግን አላየውም። ብዙ ሰው ያከሰረው ይኼ ልማድ ነው፤ ከምልክቶች ሁሉ ደግሞ እንደ ኤን ከነዘውዱ ሰው ያሳሳተ የለም።

ታሪኩን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ናፖሊ የተባለችውን የደቡብ ጣሊያን ከተማና ግዛቷን ይገዛ የነበረው የቡርቦን ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ካርሎ በ1738 ማሪያ አማሊያ የምትባል የሳክሶኒ ልዕልት አገባ። የልዕልቲቱ አያት በ1710 በጀርመኗ ማይሰን ከተማ የአውሮፓን የመጀመሪያ እውነተኛ ፖርሴሊን ፋብሪካ ያቋቋሙት አውጉስጦስ ናቸው። ፖርሴሊን ከቤቷ ይዛው የመጣችው ፍቅር ነበር ማለት ይቻላል። ባልና ሚስቱ በ1743 ካፖዲሞንቴ በተባለው ቤተ መንግሥታቸው ግቢ ፋብሪካ ከፈቱ። የቅርጽ ሥራው አለቃ ጁዜፔ ግሪቺ ለንግሥቲቱ ግድግዳው ሁሉ በፖርሴሊን የተለበጠ ክፍል ሠራላት፤ ክፍሉ ዛሬም ካፖዲሞንቴ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። በ1759 ግን ካርሎ የስፔንን ዙፋን ወረሰና ሠራተኞቹን፣ የቅርጽ ማውጫዎቹንና ጭቃውን ሳይቀር አስጭኖ ማድሪድ ወሰዳቸው። የካፖዲሞንቴ ፋብሪካ ዕድሜው ይኼው ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት።

በእነዚያ አሥራ ስድስት ዓመታት ደግሞ የፋብሪካው ምልክት የቡርቦኖች የሊሊ አበባ ነበር። ኤን ከነዘውዱ የመጣው የካርሎ ልጅ ፈርዲናንዶ በ1771 ሌላ ፋብሪካ ካቋቋመ በኋላ ነው። ያም ቢሆን ፈረንሳዮች በ1806 የናፖሊ ከተማን ሲይዙ የንጉሥ ፋብሪካ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምልክቱ ባለቤት እንደሌለው በቅሎ ሆነ፤ የፈለገ ጫነው። እዚሁ ፍሎረንስ አጠገብ ያለው የዶቻ ፋብሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጠቀመበት፣ የጀርመን ፋብሪካዎች ተጠቀሙበት፣ ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ ላይ ሁሉ ታትሞ ይገኛል። ስለዚህ «ካፖዲሞንቴ ነው፣ ይኸው ኤኑ» የሚል ሻጭ ሳያውቀው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እያገናኘ ነው። የግሪክና የሮም አማልክት ምስል ከላዩ ጎልቶ የወጣበትና ቀለም የተቀባ ዕቃም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የካፖዲሞንቴ ይባል ነበር እንጂ ያን ስልት ያመጣው ዶቻ ነው።

የዚያችን እህት ሳህን በማጉያ መነጽር አሳየኋት። አበባው ላይ ያለው ሮዝ ቀለም በብሩሽ ቢሣል ኖሮ የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር፣ ቀለሙ የተጠራቀመበትና የሳሳበት ቦታ ይታይ ነበር። ያየችው ግን እንደ ጋዜጣ ፎቶ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦችን ነው። ምልክቱም ራሱ ነጥብ በነጥብ ነው። የጠርዙ ወርቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ የሰው እጅ እንደዚያ አይሄድም። መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ ብዙ ቆየችና፣ «እማዬን ምን ልበላት?» አለች። ሳህኖቹ ጥሩ የፋብሪካ ሳህኖች እንደሆኑ፣ እናቷም ያለ ሥጋት ሊበሉባቸው እንደሚችሉ ነገርኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

እናንተ ግን ቅደም ተከተሉን ያዙ። ሳህኑን በስልካችሁ የባትሪ መብራት ፊት አንሡት፤ ፖርሴሊን ብርሃን ያሳልፋል፣ ከኋላው ያለው የጣታችሁ ጥላ ይታያል፣ የተጠገነ ስንጥቅ ካለው እንደ ጥቁር ክር ይወጣል። ቀጥሎ ሳህኑ የሚቆምበትን የጀርባ ቀለበት በጣታችሁ ዳስሱ። ቀጥሎ ሥዕሉንና ወርቁን በማጉያ እዩ። ቀጥሎ በጥፍር መታ አድርጉት። እናቶቻችን የሸክላ ድስት ሲገዙ ኳ ኳ አድርገው ድምፁን አዳምጠው ነው ዋጋ የሚጠይቁት፤ እዚህም ያው ነው፣ የተሰነጠቀ ዕቃ ድምፁ ይታፈናል። ምልክቱን የምታነቡት መጨረሻ ላይ ነው።

ምልክቱን ስታነቡም ቁጥር አያታልላችሁ። «ጂኖሪ 1735» የሚል ሳህን ይዞ መጥቶ «ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው» ያለኝ ወጣት ነበር። 1735 ማርኬዝ ካርሎ ጂኖሪ በዶቻ ፋብሪካውን ያቋቋሙበት ዓመት ነው። ድርጅቱ ራሱን «ጂኖሪ 1735» ብሎ የሰየመው ግን በ2020 ነው፤ የወጣቱ ሳህን ገና ሕፃን ነበር። «ሪቻርድ-ጂኖሪ» የሚልም ከ1896 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከሚላኖው የሪቻርድ ድርጅት ጋር የተዋሐዱት ያን ዓመት ነው።

ነጭ አይደለም ብሎ መናቅ

ይኼ ከሁሉ ያሳዝነኛል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዶቻ ዕቃ እንደ ዛሬው በረዶ የመሰለ ነጭ አይደለም፤ ግራጫማ ነው፣ አንዳንዴም እሳት ያመጣው ስንጥቅ አለበት። ካርሎ ጂኖሪ ከቪየና ካርል አንራይተር የሚባል ሠዓሊ አስመጡ፣ ቅርጹን ለጋስፓሬ ብሩስኪ ሰጡ፣ ጭቃውን ግን እዚሁ ጣሊያን ውስጥ እየፈለጉ እየሞከሩ ነበር። ግራጫው የዚያ ሙከራ ምስክር ነው። ነጭ ለማስመሰል ኋላ በልባሱ፣ ማለትም ዕቃው ላይ በሚቀባው መስታወት መሳይ ሽፋን ውስጥ፣ ቆርቆሮ መጨመር ጀመሩ። በአሬዞ ከተማ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ሲኒ «የቆሸሸ ይመስላል» ብላ አስቀምጣ፣ አጠገቡ ያለውን የትናንት ብልጭልጭ ገዛች። እያየሁ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሲኒ ስል ትዝ አለኝ፤ ቃሉ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን የቻይና ማለት ነው። አውሮፓውያንም ይህን የቻይና ምስጢር ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ፍሎረንስ ላይ የከተማዋ ገዥ የነበሩት የሜዲቺው ፍራንቼስኮ ከ1575 እስከ 1587 አሠርተውት፣ ከስኬቱ ውድቀቱ በዝቶ፣ እርሳቸው ሲሞቱ ቆመ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ከመቶ ዕቃ በታች ነው። ጀርባው ላይ የፍሎረንስ ካቴድራል ጉልላት ተሥሏል። የዶቻን ግራጫ የናቀ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ነው የናቀው።

ማዮሊካን ፖርሴሊን ማለት

የፋኤንዛና የዴሩታ ከተሞች ባለቀለም ሳህኖች ማዮሊካ ናቸው። ጠርዛቸው ሲሸረፍ ውስጣቸው ሸክላ ነው፤ ብርሃንም አያሳልፉም። ውበታቸው የራሳቸው ነው፤ በፖርሴሊን ዋጋ ግን አትግዟቸው።

ወርቅ ያለበትን ዕቃ ማሽን ውስጥ መክተት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ጣሊያን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የምሠራባቸው ሲኞራ ከእናታቸው የወረሷቸው አሥራ ሁለት የቡና ሲኒዎች ነበሯቸው፤ አፋቸውና እጀታቸው በወርቅ የተቀባ። የገና እራት ሲያልቅ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበርና ደክሞኝ ሁሉንም ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ደረደርኳቸው። ጠዋት ሳወጣቸው ወርቁ እንደ ቡናማ ጭስ ደብዝዟል፤ በአውራ ጣቴ ባሸው ጣቴ ላይ ቀረ። ሲኞራ አልጮኹም። አንዷን ሲኒ አንሥተው መስኮቱ ጋ ወሰዱና ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ያን ጀርባቸውን አልረሳውም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ዓመታት ቆይቶ ሙያውን ስማር ነው። ፖርሴሊን የሚሠራው ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ማዕድናት ነው። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ልባስ ይቀባና 1400 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ልባሱና ገላው አንድ ይሆናሉ። ወርቁ ግን ያን እሳት ስለማይችል መጨረሻ ላይ፣ በጣም በቀነሰ ሙቀት፣ ከልባሱ በላይ ነው የሚቀመጠው። ምርጡ ወርቅ ከምድጃ ሲወጣ ደብዛዛ ነው፤ ሠራተኛዋ በአጌት ድንጋይ እያሸች ነው የምታበራው። ያ ስስ ሽፋን ነው እንግዲህ በየቀኑ የማሽኑን ጨው፣ ሙቀትና ኃይለኛ ሳሙና የሚጋፈጠው። ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ስፖንጅ፣ ታችኛው ላይ ፎጣ በተነጠፈበት ሳፋ እጠቡ። ሳሙናው ላይ «ለማሽን ይሆናል» የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው ለአያቶቻችሁ ወርቅ አይደለም።

ማይክሮዌቭ ውስጥ ወርቅ አይገባም። በቃ።

የተሰበረን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ

እባካችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ሳህን አምስት ቦታ ተሰብሮ ይመጣልኛል፤ ሦስቱ ተጣብቀዋል፣ ሁለቱ አልገባ ብለዋል። ሱፐር ግሉ በሰከንዶች ስለሚይዝ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። የመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ፣ የመጨረሻው ስብርባሪ ቦታ ያጣል። እኔ ደግሞ የእናንተን ሙጫ ለማላቀቅ ቀናት እፈጃለሁ፣ ለዚያም አስከፍላችኋለሁ። ከተሰበረ ስብርባሪውን በሙሉ ልቀሙ፣ ሩዝ የሚያህለውን ጭምር። ገጣጥማችሁ «ይገባል ወይ» ብላችሁ አትሞክሩ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ሲፋጭ መጋጠሚያው ይበላል። እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልላችሁ አምጡ። በሥርዓት የተጠገነ ሳህን ለዓይን ደስ ይላል፤ ትኩስ ምግብ ግን አይቀርብበትም፣ ቡፌ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ሳህን በሳህን ላይ መደርደርም ጉዳት አለው። የሳህኑ መቆሚያ ቀለበት ምድጃው ውስጥ እንዳይጣበቅ ልባስ አይቀባም፤ ስለዚህ ሻካራ ነው፣ በታቹ ያለውን ሥዕል ይፍቃል። በየመካከሉ ጨርቅ ወይም ወረቀት አድርጉ። ገጹ ላይ የምታዩት ግራጫ ጭረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭረት አይደለም፤ ሹካና ቢላዋ የተዉት ብረት ነው፣ በጥርስ ሳሙና በቀስታ ሲታሽ ይለቃል። ወርቁና ሥዕሉ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ልባሱ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ዕቃ በረኪና ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ከልባሱ ሥር ገብቶ ያላቅቀዋል።

በአሮጌ ዕቃ መብላትን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከልባስ በላይ የተቀቡ የድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ ያወጡታል። አውሮፓ ለምግብ ዕቃ የእርሳስና የካድሚየም ወሰን በጋራ ያወጣው በ1984 ነው። የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳህን ላይ ሰላጣ አታቅርቡ።

ስሙን ሳያውቁ ጎደሎ መፈለግ

«የጂኖሪ ሰማያዊ አበባ ያለው አንድ ሳህን ጎድሎኛል» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ጂኖሪ ዘንድ ቅርጹ አንድ ስም አለው፣ ሥዕሉ ሌላ። «አንቲኮ ዶቻ» ቅርጽ ነው፤ «ኦሪየንቴ ኢታሊያኖ» ሥዕል ነው። ከ1923 እስከ 1930 የጥበብ ሥራው ኃላፊ የነበረው አርክቴክት ጆ ፖንቲ የነደፋቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ በ1925ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት አስገኝተዋል፣ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የፊቱን፣ የጀርባውንና የጎኑን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሡ፤ ስፋቱን በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ጥቂት ሚሊሜትር ቢለያይ አትደንግጡ፤ ፖርሴሊን ምድጃ ውስጥ ይኮማተራል፣ ሁሉም እኩል አይኮማተርም።

ይህን ይዛችሁ አሬዞ ሂዱ። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ከ1968 ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድና በዋዜማው ቅዳሜ ይቆማል። እኔ ቅዳሜ ማለዳ እደርሳለሁ፣ ሻጮቹ ገና ከካርቶን እያወጡ ሳለ። ባትሪ፣ ማጉያና ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ያቺ የሮም እህትም ለሚቀጥለው ወር ቅዳሜ ትኬት ቆርጣለች፤ ለእናቷ አንዲት ሲኒ ብቻ፣ አብረን አይተን፣ ልንገዛ ነው።