የቤት ውሃ አጠቃቀም ሰርቬይ ስትሰሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደሴ ላይ ለመመረቂያ ጽሁፌ ቤት ለቤት እየዞርኩ የውሃ አጠቃቀም ዳታ ስሰበስብ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፣ ዘንድሮ ደሴም ኮምቦልቻም መጠይቅ ይዛችሁ የምትወጡ ልጆች እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት «በቀን ስንት ሊትር ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሊትር የሚያስብ ቤት የለም፣ ሰው የሚቆጥረው በጀሪካን ነው። ጀሪካን ሲሏችሁም ቁጥሩን ጽፋችሁ እንዳትሄዱ፣ እስቲ አሳዩኝ በሉ፣ ባለ 20 አለ ባለ 25 አለ። ጦሳ ተራራ ግርጌ አንድ ቤት እትዬ «በቀን አምስት ጀሪካን» አሉኝ፣ ባለ 20 ስለሆነ 100 ሊትር ብዬ ሞላሁ፣ አምስት ሰው ናቸው፣ ለአንድ ሰው 20 ሊትር፣ ያው የዓለም ጤና ድርጅት ለመሰረታዊ ፍላጎት የሚለው መጠን አካባቢ ነው ብዬ ልወጣ ስል ልጅቷ ጀሪካኗን አዝላ ከቦኖ መጣች፣ ሩብ ያህሉ ጎዶሎ ነው። «ለምን አልሞላም?» ስላቸው «ሞልታ ዳገቱን አትችለውማ፣ ገና 11 አመቷ እኮ ነው» አሉኝ። በባልዲ ለካነው፣ 15 ሊትር። ከዛ በፊት በሞላኋቸው ቅጾች ላይ ስንት ያልተቀዳ ውሃ እንደጻፍኩ ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል።

አባወራውን ብቻ መጠየቅም አለ። የሚቀዳውን ሰው ጠይቁ፣ እናትየዋን፣ ልጅቷን፣ ሰራተኛዋን።

ቆጣሪ ያለበት ግቢ ስትገቡ ደግሞ ቢሉን አይታችሁ በአከራዩ ቤተሰብ ብዛት አታካፍሉ። 1 ሜትር ኪዩብ 1000 ሊትር ነው፣ 50 ባለ 20 ጀሪካን ማለት ነው፣ እና ከዛ ላይ ተከራዩም ይቀዳል፣ ቆጣሪ የሌለው ጎረቤትም ይገዛል። በዛ ቧንቧ ማን ማን እንደሚጠቀም መጀመሪያ ቁጠሩ።

«ትናንት ስንት ተጠቀማችሁ?» የሚለውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያሳስታል፣ ምክንያቱም የመጣ ቀን በርሜሉም ሮቶውም ይሞላል ልብስም ይታጠባል፣ በማግስቱ ግን ከዛው ተቆጥቦ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ የመጣበትንም ያልመጣበትንም ቀን ያዙ፣ የተቀዳውንና የተጠቀሙትን ለዩ። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የሚጠራቀመውን አትርሱ። ደሴና ኮምቦልቻንም 25 ኪሎ ሜትር አይሞሉም ብላችሁ አንድ ላይ አትደምሩ፣ ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ሰው የሚታጠበው እኩል አይደለም።

መጠይቅ ከውጭ ጥናት ገልብጦ መውሰድ ሌላው ነው። የኔው ላይ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነበረ፣ ውዱ (ከሶላት በፊት የሚታጠቡት) ግን አልነበረም! ወሎ ላይ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰገድበትን ቤት ያለ ውዱ ውሃ እንዴት ትለኩታላችሁ። የልብስ እጣቢ ሽንት ቤት ሲደፋበትም ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሩት።

ሚክስድ ሜተድ (መጠይቅና ቃለ መጠይቅ አንድ ላይ) ብለው ሰርቬዩን ከጨረሱ በኋላ ለጥቅስ ብቻ አምስት ሰው የሚያናግሩ አሉ፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ቃለ መጠይቁ መቅደም አለበት፣ ጥያቄያችሁ ሰው ጆሮ ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ያኔ ነው። «ውሃ ይበቃችኋል?» ስትሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃናል» ይሏችኋል፣ ምስጋና ነው እኮ፣ ከ5 5 ብላችሁ እንዳታከቡት። ኤችዋይዝ (HWISE) የሚባለው ባለ 12 ጥያቄ የቤተሰብ የውሃ እጦት መለኪያ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ውሃ ጠፍቶ ልብስ ሳይታጠብ የቀረበት፣ እጅ መታጠብ ያልተቻለበት ጊዜ ነበር ወይ እያለ በድርጊት ይጠይቃል። የጦሳዋን እትዬ ተመልሼ እንደዛ ስጠይቃቸው ሁለቱን ሳምንት ልብስ አላጠቡም። መጀመሪያ ቀን 5 ላይ ነበር ያከበብኩላቸው።