ዓሶቹ ለምን ይጣላሉ? የአኳሪየም ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። "አባዬ፣ የቀዩ ጅራት የት ሄደ?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሦስት ቀን በፊት እንደ ቀሚስ ተዘርግቶ የነበረው የጋፒው (ባለ ረጅም ጅራት ትንሽ ዓሳ ነው) ጅራት ያለቀ መጥረጊያ መስሏል። አጠገቡ ታይገር ባርብ የሚባሉ ሦስት ዓሶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቢጫ ገላ ላይ ጥቁር መስመር፣ ሲያዩአቸው ዓይን የሚስቡ። አንደኛው ዓይኔ እያየ ጠጋ አለና ከቀረው ጅራት ላይ ቆንጠር አድርጎ ተመለሰ።

ስገዛ የሸጠልኝን ልጅ "አብረው ይሆናሉ ወይ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "ምንም ችግር የለም ወንድሜ፣ ሁሉም የሙቅ ውሃ ናቸው" አለኝ። አልዋሸም፣ የሙቅ ውሃ ዓሶች ናቸው። ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ ጠባያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ብዙ ዓሳም ቀብሬያለሁ። አሁን አሁን ወዳጆቼ ይደውሉና "ዓሳዬ ክፉ ሆነብኝ" ይሉኛል። ክፉ ዓሳ እስካሁን አላጋጠመኝም። ጎረቤቱ የተሳሳተበት ዓሳ ግን ሞልቷል። ጎረቤቱን የምንመርጥለት ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ ዓሳውን ከመውቀሳችን በፊት ምልክቱን እንይ።

ጅራትና ክንፍ ተበጣጥሷል

መጀመሪያ መነከሱን አረጋግጡ። የተነከሰ ጅራት ጫፉ እንደተቀደደ ወረቀት ነው፤ አንድ ቦታ ጎደሎ፣ ሌላው ደህና። በበሽታ የሚበላ ጅራት ግን ጠርዙ ነጣ ወይም ጠቆር ይላል፣ ከቀን ቀን እየሟሟ ያጥራል። ለሁለተኛው ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የቆሸሸ ውሃ ነው፤ ውሃ መቀየር እንጂ ዓሳ መቀየር አያድነውም።

ነካሹን ለመያዝ ወንበር ይዛችሁ ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ሩብ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከተጠጋችሁ ምግብ መጣ ብለው ሁሉም ወደ እናንተ ይሰለፋሉ፤ ያኔ ሁሉም ጨዋ ነው። ስትርቁ ነው እውነተኛ ጠባያቸው የሚወጣው።

እንግዲህ ታይገር ባርብ። ይህ ዓሳ በመንጋ የሚኖር ነው። መንጋው ውስጥ አለቃ አለ፣ ምክትል አለ፣ ጭራ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ያንን ደረጃ ለመጠበቅ እርስ በርስ ሲባረሩ ይውላሉ። ሦስት ብቻ ከሆኑ ጨዋታው አይሞቅላቸውም። ትርፍ ጉልበታቸውን የሚያወጡት ዝግ ብሎ በሚዋኝና ረጅም ጅራት በሚጎትት ጎረቤት ላይ ነው። ጋፒ፣ ቤታ፣ ኤንጅል ፊሽ ሁሉም በዚህ ሂሳብ ውስጥ ይገባሉ።

መፍትሄው ሰው ሲሰማው ያስቃል፦ ነካሾቹን ጨምሩ። ከ8 እስከ 10 ሲሆኑ እርስ በርስ ይጠመዳሉ፣ ሌላውን ይረሱታል። ግን ይህ የሚሠራው 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚይዝ አኳሪየም ነው፤ ያኔም ቢሆን ረጅም ክንፍ ያለው ዓሳ አብሮ አይግባ። የእኔ 60 ሊትር አካባቢ ስለሆነ ሦስቱን ሰፊ አኳሪየም ላለው ጓደኛዬ ሰጠሁ። (የእናንተን ሊትር ለማወቅ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 60 በ30 በ35 ከሆነ 63 ሊትር ነው። ጠጠሩና ድንጋዩ ከዚያ ላይ ይቀንሳል።)

ቤታ ሌላ ጉዳይ ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ታይላንድ ውስጥ ሰዎች ለውጊያ እየመረጡ ብዙ ትውልድ አዳቅለውታል። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ላይ ማስገባት ማለት አንዱን ለሞት መፍረድ ነው። ባለ ትልቅ ጅራት ጋፒ ሲያይም ሌላ ወንድ ቤታ የመጣበት ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ በኩባያ ተቀምጦ የምናየው ከውሃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል ነው። ኩባያ ይመቸዋል ማለት አይደለም። 20 ሊትር ገደማ ለብቻው ስጡት፣ ክዳን አድርጉበት፣ ይዘላልና።

ትናንሾቹ በየቀኑ አንድ አንድ ይጎድላሉ

ማታ ስትቆጥሩ ስምንት ኒዮን ቴትራ ነበሩ። ጠዋት ሰባት። በማግስቱ ስድስት። ሬሳ የለም፣ ደም የለም።

ሌባ ከመፈለጋችሁ በፊት የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ አውጥታችሁ እዩ። ከአኳሪየሙ ጀርባ ወለሉንም እዩ፤ ዘሎ ወጥቶ የደረቀ ዓሳ ሶፋ ሥር አግኝቼ አውቃለሁ። ሁለቱም ቦታ ከሌለ፣ ኤንጅል ፊሽ አላችሁ ማለት ነው። ወይም እሱን የመሰለ አፉ ሰፊ የሆነ ሌላ ዓሳ።

ኤንጅል ፊሽ ስንገዛው ከሳንቲም ብዙም አይበልጥም። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ እንደ መልአክ የሚንሳፈፍ። ሲያድግ ግን ከላይኛው ክንፉ እስከ ታችኛው ከ20 ሴንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። ኒዮን 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ነው። ሁለቱም የአማዞን ወንዝ አካባቢ ተወላጆች ናቸው። ሻጩ "ያገር ልጆች ናቸው፣ ይስማማሉ" ሊላችሁ ይችላል። ያገር ልጅነቱ እውነት ነው፤ ግን እዚያም ትልቁ ትንሹን ይበላል። አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ለዓሳ ምግብ ነው። መብራት ጠፍቶ ኒዮኖቹ ሲደነዝዙ ኤንጅሉ እራቱን ይበላል።

መፍትሄው መለየት ብቻ ነው። አብልቶ ማጥገብ አያዋጣም፤ ሞክሬዋለሁ። ኤንጅል ፊሽ ከወደዳችሁ ቁመቱ 45 ሴንቲሜትር የሚደርስ ሰፊ አኳሪየም አዘጋጁለት፣ ጎረቤቶቹንም ከአፉ የሚበልጡትን ምረጡ። ሱቅ ስትሄዱ "አሁን ስንት ነው?" ሳይሆን "ሲያድግ ስንት ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ኦስካር የሚባለው ለምሳሌ ጣት አክሎ ይመጣና 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል።

እግረ መንገዴን፦ ኤንጅል ፊሽም ኦስካርም ሐዋሳ ስንሄድ ጠብሰን የምንበላው የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው። ወንዱ ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ አሸዋውን እንደ ሳህን ይጎደጉድና የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ኤንጅል ፊሽ በአፉ ባይዝም ቅጠል ላይ እንቁላል ከጣለ በኋላ ጥበቃው ያው ነው። ትናንት ሰላማዊ የነበሩ ጥንዶች ዛሬ ድንገት አኳሪየሙን ግማሽ በግማሽ ከከለከሉ፣ ቅጠሉንና የፊልተሩን ቱቦ እዩ። ነጠብጣብ እንቁላል ታገኛላችሁ። በመስታወት ወይም በመረብ ከልሉላቸው፣ አለዚያ ሌሎቹን ወደ ሌላ ቦታ አዙሩ።

አንዱ ጥግ ይዞ አይወጣም

ሴት ጋፒ ከሆነች፣ ወንዶቹን ቁጠሩ። ወንድ ጋፒ ሥራው ሴት መከተል ነው፤ አይበላም፣ አያርፍም። ለአንዲት ሴት ሁለት ወንድ ካላችሁ ትጎሳቆላለች፣ ልትሞትም ትችላለች። ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት አድርጉ። እኔ ግን ወንድ ብቻ ያዙ ባይ ነኝ። ቀለሙም የእነሱ ነው፣ መዋለድም የለም። ሴት ጋፒ የወንዱን ዘር ሰውነቷ ውስጥ ለወራት ታስቀምጣለች፤ ወንድ ባይኖርም በየወሩ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። "ሁለት ገዝቼ አርባ ሆኑብኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

የተደበቀው ኒዮን ወይም ከሥር አሸዋ የሚፈትሸው ኮሪዶራስ ከሆነ ደግሞ ማንም ላይነካው ይችላል። ብቻውን ሆኖ ነው የፈራው። እኛ ዓሳ ስንገዛ እንደ ኖኅ መርከብ ሁለት ሁለት እናደርጋለን። ለመንጋ ዓሳ ሁለት ማለት ብቸኝነት ነው። ቢያንስ 6 ይሁኑ። አምስት ዓይነት ዓሳ ሁለት ሁለት ከመያዝ፣ ሁለት ዓይነት ስድስት ስድስት መያዝ ለዓሳውም ለዓይንም ይሻላል።

አዲስ ገቢ ላይ ነባሮቹ ከዘመቱ፦ መብራቱን አጥፉ፣ ነባሮቹን መግቡ፣ ከዚያ ድንጋይና ተክሉን ቦታ አቀያይሩ። ሁሉም ለቦታው እንግዳ ሲሆን "የኔ ሰፈር ነው" የሚለው ጠብ ይበርዳል።

ጎልድ ፊሹ ቀዝዟል፣ ወይም ሌሎቹ ቀዝዘዋል

ይህ በአዲስ አበባ ቤቶች የማየው የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጎልድ ፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሳ ነው፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃዋል። ጋፒ፣ ኒዮን፣ ኤንጅል 24 ወይም 25 ይፈልጋሉ። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ስትከፍቱ አንዱን ታስጨንቃላችሁ፣ ስትዘጉ ሌላውን። መሃል ላይ 22 ብትይዙም ጎልድ ፊሹ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያራል፣ አድጎም ኒዮኑን ይውጠዋል። ስለዚህ ምረጡ። ሂተር ከሌላችሁ አዲስ አበባ ላይ ጎልድ ፊሽ ብቻውን፣ ወይም ብርዱን የሚችለውን ዜብራ ዳኒዮ በመንጋ ያዙ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ለምትኖሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሂተሩ ላያስፈልግ ይችላል፣ ጎልድ ፊሹን ግን ሙቀቱ ያስጨንቀዋል።

ሁሉም ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ይህ ጠብ አይደለም። አየር አጥሯቸዋል፣ ወይም ውሃው መርዟቸዋል። እኛ ያለንበት ከፍታ እዚህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። የውጭ መመሪያ "ለዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሳ" ሲላችሁ ከዚያ ቀንሱለት። የአየር ፓምፕም አትለዩ።

መብራት ከሄደ ደግሞ ፊልተሩ ይቆማል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ በጣም ጥሩ። ከሌላችሁ በኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት። አኳሪየሙን ብርድ ልብስ አልብሱት፣ ምግብ አትስጡ። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ፣ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ አለቅልቁት። ታፍኖ የቆየው ቆሻሻ ተመልሶ እንዳይገባ።

አኳሪየሙ አዲስ ከሆነ ጥርጣሬው አሞኒያ ላይ ነው። የዓሳው ሽንትና የተረፈው ምግብ የሚፈጥረው ነገር ነው። እሱን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። እኛ ግን ቅዳሜ አኳሪየም ገዝተን ቅዳሜውኑ አሥር ዓሳ እንጨምራለን። አሁን ለተጨነቁት ሲሶውን ውሃ ቀይሩ፤ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ካላችሁ የቧንቧ ውሃ ወዲያው ይሆናል፣ ከሌላችሁ በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ውሃ። ሁሉንም ውሃ አንዴ መድፋት ግን ሌላ መዓት ያመጣል።

"ጽዳት ሠራተኛው"

መስታወት ይልሳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮ 30 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ከሚያጸዳው በላይ ያቆሽሻል፣ ሲርበው ደግሞ የጎልድ ፊሽን ገላ ሌሊት ሊልስ ይችላል። አትግዙት። መስታወቱን በስፖንጅ ጥረጉት፣ አምስት ደቂቃ ነው።

አሁን ቤቴ ያሉት 8 ኒዮን፣ ከሥር አሸዋውን የሚፈትሹ 6 ኮሪዶራስ፣ ከላይ ደግሞ 3 ወንድ ጋፒ ናቸው። ሂተሩ 25 ላይ ነው። ኮሪዶራሶቹ ጢማቸው እንዳይጎዳ ብዬ ሹሉን ጠጠር አውጥቼ ደቃቅ አሸዋ አነጠፍኩላቸው። ጓደኛዬ ጋ የሄዱት ባርቦች አሥር ሆነዋል፣ ሲባረሩ ይውላሉ፣ ማንንም አልነከሱም። የቀዩ ጋፒ ጅራትም በጥቂት ሳምንታት በቀለ፤ በግራ በኩል ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የቀረው። ልጄ ከሌሎቹ ሁለት ጋፒዎች የምትለየው በዚያ ነው።