የነዳጅ ወጪያችሁን እንዴት ትቀንሳላችሁ? ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ በረሃ

2014 ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር። 2017 ጥር ሲገባ ከ101 ብር አልፎ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን በስንት እንደምንገዛ ባሕር ዳርም ፍኖተ ሰላምም ያለ ሰው ያውቀዋል።

ነዳጁ ከውጭ አገር በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ በቦቴ ተጭኖ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ነው ጎጃም የሚገባው። ዋጋውን እኔና እናንተ አንወስንም። ስንት ሊትር እንደምናቃጥል ግን እንወስናለን። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ በአሮጌ ኮሮላ ሞክሬ የጠቀመኝን ነው።

1. መጀመሪያ መኪናችሁ ስንት እንደሚበላ እወቁ

"ብዙ ይበላል" ማለት ብቻውን አይረዳም። ማደያ ሄዳችሁ ፉል አስሞሉና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። እንደ ወትሮው ንዱ። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ፉል አስሞሉ፣ ስንት ሊትር እንደገባም ጻፉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለሊትሩ አካፍሉ። የእኔ የመጀመሪያው ልኬት 38 ሊትር ለ412 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሊትር 10.8 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ወረፋ በዝቶ ፉል የማይሞላ ከሆነ በየመሃሉ የቀዳችሁትን ሁሉ ደምሩ። መነሻውና መድረሻው ፉል ይሁን እንጂ ሂሳቡ ያው ነው።

እዚያው ደብተር ላይ አንድ ሌላ ሂሳብ ጨምሩ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ናፍጣ ሲሆን ወደ 2.7 ይጠጋል። ከሊትሩ ክብደት የሚበልጠው ካርበኑ ከአየር ኦክስጅን ይዞ ስለሚወጣ ነው። የእኔ 38 ሊትር 87 ኪሎ ሆነ። አንድ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭስ ማለት ነው። ይህን በጻፍኩበት ቀን መኪናዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

2. የሳምንት ጉዟችሁን መዝግቡ

ለአንድ ሳምንት መኪና ባስነሳችሁ ቁጥር ከየት ወዴት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ለምን ጉዳይ ብላችሁ ጻፉ። አታሳምሩት፣ የሆነውን ብቻ ጻፉ።

እኔ ከ17 ጉዞ 11ዱ ከ3 ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ አገኘሁት። ዳቦ፣ ባንክ፣ ልጅ ማድረስ፣ ጊዮርጊስ መሳለም። አንዱማ ከቤቴ ጥግ ያለው ሱቅ ነበር፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። አጭር ጉዞ ትንሽ ነዳጅ የሚወስድ ይመስላል፤ ግን ሞተር ሲቀዘቅዝ ነው አብዝቶ የሚበላው። ሞቆ መቆጠብ ሲጀምር እኛ ደርሰን እናጠፋዋለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ተጨማሪ ነው። ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተነዳ መኪና ነዳጅ አይበላም።

3. አጫጭሮቹን በእግርና በብስክሌት ተኩ

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ ጥላ አላት። ድሮ ሴቱም ወንዱም፣ አስተማሪውም ሠራተኛውም ሲነዳ ያየን ሰዎች አሁን ተማሪ ብቻ የሚነዳው ሲመስለን ያሳዝነኛል። ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ እንኳ የብስክሌትና የእግረኛ መስመር አለው። ከዘንዘልማ በኩል ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሮጌ ብስክሌት ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ፍሬኑን ጨብጣችሁ ወደፊት ግፉት፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አይሆንም። ካቴናውን በጣት ሳቡት፤ ከጥርሱ በጣም ከራቀ አርጅቷል። የኋላውን ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ወዲያ ወዲህ ከተወላገደ ቸርኬው ተጣሟል። ቁልፍ ግዙለት። ከመሸ በኋላ የምትነዱ ከሆነ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ነው።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ዳገቱን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ እግር ይሻላል። ባጃጅ ከያዛችሁም ኮንትራት አትያዙ። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅና አንድ ሰው የጫነ ባጃጅ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ብዙም አይለያይም።

4. መኪናውን አስታምሙ

ጎሚስታ ጋ በየ15 ቀኑ የጎማ ንፋስ አስለኩ። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል። ፖርቶመጋላው (ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ምንም ካልጫናችሁ አውርዱት፤ በፈጣን መንገድ ነፋስ ይዞ ይጎትታል። የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ። በበጋ አቧራ በወር ውስጥ ሊደፍነው ይችላል።

ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው አሮጌ መኪና ላላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለል ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስ ካያችሁ፣ ካንዴላው (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) ሲወጣ ጥቀርሻ ለብሶ ከተገኘ፣ መካኒክ ጋ ሂዱ። የእኔ ከተስተካከለ በኋላ በሊትር 10.8 የነበረው 12 ገባ። ጭሱን ከኋላችሁ የሚተነፍሰው ባለ ብስክሌቱና ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ መሆኑንም አትርሱ።

5. ዓባይ በረሃን በማርሽ ውረዱ

ይህን በጣም እለምናችኋለሁ። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ይወርዳል። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አለ።

ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም በካርቡራተር ፋንታ ነዳጁ እየተረጨ የሚገባለት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይረጫል። ስለዚህ ዜሮ ማርሽ ብዙ ይበላል እንጂ አይቆጥብም። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይሄዳል፣ መሪው ይከብዳል።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያዙ። ፍሬኑን ጫን ለቀቅ አድርጉ፣ አትደገፉበት። አንድ ጊዜ ከፊቴ የሚወርድ አይሱዙ ፍሬኑን ሳይለቅ ሲሄድ የሸራው ሽታ በተዘጋ መስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ሞላው። ሹፌሩ ከታች ቆሞ ጎማው ላይ ውኃ ሲደፋ እንፋሎቱ ወገቡ ድረስ ወጣ። በሰላም ተርፏል፤ ሁሉ ሰው አይተርፍም።

ዳገቱ ላይ ደግሞ አትሽቀዳደሙ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትረግጡትም አየሩ ስስ ስለሆነ የምታተርፉት ጥቂት ነው።

6. ረጅሙን ጉዞ ተጋሩ

ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ዳንግላና ቡሬ ስንሄድ ከአንድ ሰፈር አራት መኪና አንድ አንድ ሰው ይዞ ይነሳል። ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ተነጋገሩ። "ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? ወጪውን ለአራት ተካፈሉ። ተካፋዩ ለመጠየቅ እንዳያፍር ባለ መኪናው ሂሳቡን ቀድሞ ይናገር።

7. ጠርሙሱንና የተቃጠለውን ዘይት ተጠንቀቁ

የጠርሙስ ቤንዚን ኬሮሲን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። የግድ ከሆነባችሁ ትንሽ ቀድታችሁ ማደያ እስክትደርሱ ብቻ ተጠቀሙበት። ቤት ውስጥ በጭራሽ አታስቀምጡ። ቡና የሚፈላበት ክፍል አጠገብ ጀሪካን ቤንዚን ያለበት ቤት አይቻለሁ፤ የእመቤቲቱ ልጆች እዚያው ይተኛሉ። እትዬ፣ ዛሬውኑ ያስወጡት ብያቸው አስወጥተውታል።

ዘይት ስታስቀይሩ የወጣው የት እንደሚደፋ ጠይቁ። ቱቦ ውስጥ የተደፋ ዘይት ዝናብ ሲመጣ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ዓባይ ይዞት ይወርዳል። እኔ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዤ እሄዳለሁ። ዘይቱን እዚያው አስቀዳና ከድኜ፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ አስረክባለሁ። መኪናዬንም ሐይቁ ዳር ማጠብ ትቻለሁ፤ አሁን ግቢዬ ውስጥ በሁለት ባልዲ ውኃ አጥባለሁ።