ደግመው ቢያስኬዱት የማያበላሽ የሼል ስክሪፕት አጻጻፍ

ሶፍትዌር የሚጭንና የሚያዋቅር የሼል ስክሪፕት (የተርሚናል ትእዛዞችን በተርታ የያዘ ፋይል) አንዴ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ መብራት ጠፍቶ ወይም ኢንተርኔት ተቋርጦ መሀል ላይ ሊቆም ስለሚችል፣ የትኛውም መስመር ላይ ቢቆም ከመጀመሪያው ሲያስኬዱት ምንም ሳያበላሽ ሥራውን እንዲጨርስ ሆኖ መጻፍ አለበት።

በመጀመሪያው መስመር ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመውን ሼል፣ ባሽን፣ በስሙ ይጥሩ፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ኤስኤች» ተብሎ የሚነሣው ዳሽ የተባለ ሌላ ሼል ስለሆነ የባሽ ብቻ የሆኑ አጻጻፎችን አይቀበልም። በመቀጠል በ«ሴት» ትእዛዝ ሦስት ነገሮችን ያብሩ፦ ትእዛዝ ሲከሽፍ የሚያስቆመውን «-ኢ»፣ ያልተሰየመ ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ ስም) ሲጠራ የሚያስቆመውን «-ዩ»፣ በፓይፕ («|») ከተያያዙት ትእዛዞች የአንዱ ውድቀት እንዳይሸፈን የሚያደርገውን «ፓይፕፌል»። ሆኖም በ«-ኢ» ብቻ መተማመን አይገባም፤ «ኢፍ» መፈተኛ አድርጎ የጠራው ፈንክሽን ውስጥ ያሉ ትእዛዞች ቢከሽፉም ስክሪፕቱ ይቀጥላል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የሊኑክሱ ስቲም (የጌም መድረክ) ማስነሻ ስክሪፕት የራሱን ፎልደር አድራሻ የሚይዘው ቫሪያብል ባዶ ሲሆንበት፣ ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ «አርኤም» ሁሉንም ከያዘው ከሥር ፎልደሩ («/») ጀምሮ ተጠቃሚው ሊያጠፋ የሚችለውን ፋይል ሁሉ ማጥፋት ጀምሮ ነበር። ቫሪያብሉ ተሰይሟል፣ ዋጋው ግን ባዶ ነው፤ ይህን ደግሞ «-ዩ» አይይዘውም። ስለዚህ ከ«አርኤም» ጋር የሚጠሩትን ቫሪያብል ሁሉ በጥምዝ ቅንፍ ከበው ከስሙ ኋላ «:?» ያስከትሉ፤ ባዶ ከሆነ ባሽ ትእዛዙን ሳይፈጽም ይቆማል።

ፋይል ከርል በተባለው የማውረጃ ትእዛዝ ሲያወርዱ «-ኤፍ»ን አይርሱ። ያለ እርሱ ሰርቨሩ የ404 ገጽ ቢልክ ከርል ያንኑ ገጽ በፓኬጁ ስም አስቀምጦ ተሳክቷል ብሎ ይወጣል። የወረደውንም አምራቹ ካወጣው የሻ-256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ጋር ሳያመሳክሩ አይጫኑት።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ማዋቀሩ ነው። በ«>>» ምልክት በፋይል መጨረሻ ላይ መስመር የሚጨምር ስክሪፕት በተደጋገመ ቁጥር ያንኑ መስመር ይደግማል። እኔ የምመርጠው ፋይሉን በሙሉ አዲስ አድርጎ መጻፍ ነው፦ ለምሳሌ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚያገለግለውን የኤስኤስኤች ሰርቨር ሲያዋቅሩ አዲሱን ይዘት እዚያው ፎልደር ውስጥ በ«ኤምኬቴምፕ» ትእዛዝ በተፈጠረ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጻፉ፣ የሰርቨሩ ፕሮግራም ማዋቀሪያውን በሚፈትሽበት በ«ኤስኤስኤችዲ -ቲ -ኤፍ» ያስፈትሹት፣ ስህተት ከሌለው ብቻ ስም በሚቀይረው በ«ኤምቪ» በነባሩ ቦታ ይተኩት። በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ስም መቀየር በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ስክሪፕቱ የትም ቢቋረጥ የሚገኘው ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ሙሉ ፋይል ነው። በግማሽ የተጻፈ ማዋቀሪያ ግን ሰርቨሩን ከሩቅ በሚያስተዳድረው ሰው ላይ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። ተርፎ የሚቀረውን ጊዜያዊ ፋይል፣ ስክሪፕቱ ሲወጣ የተባለውን የሚፈጽመው የ«ትራፕ» ትእዛዝ በመውጫው ላይ ያጥፋው።

ስክሪፕቱን የአጻጻፍ ስህተት በሚፈልገው ሼልቼክ ካስመረመሩ በኋላ በአዲስ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያስኬዱት፣ መሀል ላይ በኮንትሮል-ሲ ያቁሙት፣ እንደገና እስከ መጨረሻው ያስኬዱት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስኬዱት የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ይዘት ፋይሎችን በሚያነጻጽረው «ዲፍ» ሲታይ ምንም ልዩነት ሊኖረው አይገባም።