ከጥምቀት በኋላ ሁለት ቀን ለጎርጎራ

ጥር በመጣ ቁጥር ጎንደር ያለው ቤቴ በእንግዳ ይሞላል። የእህቴ ልጆች ከአዲስ አበባ፣ የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም የጓደኛ ጓደኛ። ከተራን ያያሉ፤ ታቦቱ ካደረበት ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ያድራሉ፤ ግቢውን ይዞራሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው አንገታቸው እስኪዝል ጣሪያው ላይ ያንጋጥጣሉ። ጥር 13 ጠዋት ሻንጣ ይዘጋል። ያኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ሁለት ቀን ጨምሩና ጎርጎራ ውረዱ። የጎንደር ወሬ የሚጀመረው ጣና ዳር ነው።

ታሪክ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የአያቴ አገር ደግሞ በጎርጎራ መንገድ ላይ ያለው ቆላ ድባ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ በእግርም በመኪናም አውቀዋለሁ። እንዴት እንደምትሄዱ የምነግራችሁ እኔ በሄድኩበት ልክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከመጻሕፍት ጋር ለማነጻጸር ይቀላል።

መጀመሪያ መንገዱን ጠይቁ። ይህን የማስቀድመው በምክንያት ነው። በዚህ ጊዜ መንገድ ትናንት ሰላም ነበር ማለት ዛሬም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ጎርጎራ ወይም ቆላ ድባ ያለ ሰው ካላችሁ ደውሉ። ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያው መስመር የመጣ ሾፌር ጠይቁ። «ዛሬስ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ አትከራከሩ፤ ቤት ግቡ። ጎርጎራ ሌላ ጊዜም አለ። ከሄዳችሁም እዚያው እደሩ እንጂ በምሽት አትመለሱ።

ወቅቱን በሚመለከት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የተሻለ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት የደንቢያ ሜዳ ሁሉ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ዋልካ ጫማ ያወልቃል። እኔ አንድ ጊዜ ነሐሴ ላይ ሄጄ አንድ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ፈልጌ አጥቼ ባዶ እግሬን ነው የገባሁት። ጥር ላይ ግን መሬቱ ደርቆ፣ ሽምብራው እሸት ሆኖ ታገኙታላችሁ። በመንገድ ዳር ልጆች እሸት ሽምብራ ከነግንዱ አስረው ይሸጣሉ። ግዙ፤ መንገዱን ሁሉ እየፈለፈሉ መብላት ነው።

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በአዘዞ ታልፋላችሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሰፈር ማለት ነው። ሰው ሁሉ አዘዞን በመስኮት አይቶ ያልፈዋል። እናንተ ውረዱ። የኮንትራት መኪና ከያዛችሁ ግማሽ ሰዓት አቁሙ፤ በሚኒባስ ከሆነም በከተማ ታክሲ እስከ አዘዞ ሄዳችሁ ከዚያ መቀጠል ትችላላችሁ። ምክንያቱም ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት እዚህ፣ ገነተ ኢየሱስ ብለው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሱስንዮስ የፋሲል አባት ናቸው። ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ። ጎርጎራን መናገሻቸው አደረጉ፤ በኋላም ደንቀዝ ተቀመጡ። በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩ ተነሣባቸው፤ ወንድም ከወንድም ተዋጋ፤ በ1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተብሎ ሥልጣኑን ለልጃቸው ለቀቁ። በዚያው ዓመት ሞቱ። ልጃቸው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። እንግዲህ የኛ ጉዞ ወደኋላ ነው፤ ከልጅ ከተማ ተነሥተን፣ በአባት መቃብር በኩል አልፈን፣ አባት ወደ ነገሡበት መንደር መውረድ። ይህን አስቀድማችሁ በልባችሁ ከያዛችሁት ጎርጎራ ላይ የምታዩት እያንዳንዱ ድንጋይ ይናገራል።

ከአዘዞ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል። ቆላ ድባ ላይ ቡና ጠጡ። አትቸኩሉ ብዬ ግን አልመክርም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ በጊዜ መድረስ አለባችሁና አቦሉ ይበቃችኋል።

ጎርጎራ ስትደርሱ መኝታ ከመያዛችሁ በፊት ደብረ ሲና ማርያም ሂዱ። ከመንደሩ ጋር የተያያዘች፣ ዛፍ የከበባት፣ ሐይቁ አጠገብ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። የጣሪያዋን ሣር ስታዩ ገና ልባችሁ ይረጋጋል። ቁልፉ ያለው ካህኑ ዘንድ ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ካህናቱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔ ከተማሪዎች ጋር አንድ ጊዜ ቀትር ላይ ደርሼ፣ ቁልፍ ያዡ ሩቅ እርሻ ሄደው ኖሮ፣ እስከ አሥር ሰዓት ዛፍ ሥር ጠብቀናል። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም ድረሱ። ካህን ስታገኙ «አባቴ ይፍቱኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ከዚያ የመጣችሁበትን ተናገሩ። ጫማ ይወልቃል። እህቶቼ፣ ነጠላ ይዛችሁ ውጡ። የመግቢያ ክፍያ ሲነገራችሁ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየምም። ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ነው፤ ሥዕል በጸጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ያን ቀን ተዉት፤ ማኅሌት መስማት ከፈለጋችሁ ደግሞ ያን ቀን ምረጡት።

ቤተ ክርስቲያኗ መጀመሪያ የተተከለችው በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን እንደሆነ የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። ሥዕሎቹን ያሳለችው ደግሞ የሱስንዮስ ልጅ፣ የፋሲል እህት መለኮታዊት ናት ይላሉ ካህናቱ። ሥዕሉ ያለው በውስጠኛው ግድግዳ፣ በመቅደሱ ዙሪያ ነው። እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ። ገብታችሁ ወዲያው ስልክ አታውጡ። ቁሙና ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመደው። ከዚያ በካህኑ ፈቃድ ዙሩ። የጻድቃን ፊት ሁሌም ሙሉ ነው፤ ሁለት ዓይን ያያችኋል። የክፉዎች ፊት ግን በጎን የተሣለ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ሕግ ለልጅ ስትነግሩት መጽሐፍ ሳያነብ ታሪኩን ራሱ ይተረጉምላችኋል። የእህቴ የስምንት ዓመት ልጅ «እትዬ፣ ይሄኛው መጥፎ ነው!» እያለች ግድግዳውን ሁሉ አነበበችልኝ። ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ከኋላው ባዶ ሜዳ እንጂ ጥላ ወይም ርቀት የለም። ይህ የቀደመው የጎንደር አሣሣል ነው። ጎንደር ስትመለሱ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር አነጻጽሩት፤ ልዩነቱ ያኔ ይገባችኋል። ፎቶ ከተፈቀደ ፍላሹን አጥፉ።  እጃችሁንም ግድግዳው ላይ አታሳርፉ፤ እባካችሁ። የሠላሳ ሰው ትከሻ እየታከከው የነጣ ቦታ አይቻለሁና አንጀቴን ይበላኛል።

ከዚያ ማርያም ግምብ። ከመንደሩ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ልሳነ ምድር ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ይላል። በሞተር ጀልባ መሄዱ ይቀላል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ቀልድ አያውቅም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ ሄዶ መመለሻ መሆኑን፣ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ፣ ክፍያው ለጀልባው ይሁን በሰው። ለሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት መኖሩን ዓይታችሁ ነው የምትሳፈሩት፤ ከሌለ አትሳፈሩ። ባርኔጣ፣ ውኃ፣ ብስኩት ያዙ። እዚያ ሱቅ የለም።

ማርያም ግምብ ላይ የምታገኙት ፍርስራሽ ነው። የሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ቤተ ክርስቲያን የነበረ። ከነሱ አንዱ የሆነው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ አገራችን የገባ፣ ለንጉሡም ጎርጎራ ላይ ባለ ፎቅ ቤት ያሠራ ሰው ነው፤ በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ሞተ። አሁን የሚታየው ግምብ ግን እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው፤ አስጎብኚዎች አንዳንዴ ለፓኤዝ ስለሚሰጡት ልብ በሉ። ግማሹ በኛው ዕድሜ ነው የወደቀው። የስፔን አርኪኦሎጂስቶች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መጥተው ቆፍረው አጥንተውታል። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ አበቦች። ሁለተኛ፣ ቅስት። ሦስተኛ ደግሞ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ነጭ ነገር፤ ኖራ ነው። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከህንድ የመጣ ግንበኛ የኖራ ድንጋይ እዚህ አገር አገኘ ብለው ሚሲዮናውያኑ ጽፈዋል። ጭቃ ይዞት የኖረ ግንብ በኖራ ሲታሰር ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ፋሲል ግቢ ያያችሁት ነው። ያንን ኖራ በጥፍር እየፋቁ ለማስታወሻ የሚወስዱ ጎብኚዎች አሉ። አይደረግም።

እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። አባትየው ከባሕር ማዶ በመጣ ጥበብ ያሠራው ድንጋይ ፈርሷል። ልጅቱ አሳለችው የሚባለው የሣር ክዳን ቤት አሁንም ይቀደስበታል፤ ሣሩን የመንደሩ ሰው እያደሰለት። ለዚህ ነው ደብረ ሲናን አስቀድሙ ያልኳችሁ። ሕያው የሆነውን ካያችሁ በኋላ ፍርስራሹ ላይ ስትቆሙ ጸጥታው ሌላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ ተመልሳችሁ ኮረብታው ላይ ውጡ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለሙሶሊኒ ያቆመው ሐውልት አለ። ለሐውልቱ ብላችሁ አትውጡ፤ ከዚያ ላይ ሐይቁ ስለሚታይ ውጡ። ጣሊያን አገራችን ውስጥ የመጨረሻ እጁን የሰጠው ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 1941 ነው። ይህን ለልጆቹ እዚያ ላይ ቆሞ መንገር ደስ ይለኛል።

ስለ ውኃው ሁለት ነገር። አትዋኙ፣ እግራችሁንም አትንከሩ፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም አለ። ማታ ደግሞ ወባ አለና አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ። አልጋ በመንደሩ መካከለኛ ዋጋ ያለውም ይገኛል፤ በገበታ ለሀገር የተሠራው ትልቁ ሪዞርትም አለ፤ ኪሳችሁ እንደፈቀደ። ጥሬ ብር ከጎንደር ይዛችሁ ውረዱ። ለጀልባም ለቤተ ክርስቲያንም ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በ12 ሰዓት ዳርቻው ላይ ሁኑ። ዓሣ አጥማጆች ከሌሊት ሥራ ይመለሳሉ። በደንገል ታንኳ የሚመጣም አለ። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ተጎትቶ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። «እንዴት አደራችሁ» በሉ፤ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ስለ እምቦጭ ጠይቋቸው። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየ ከ2011 ወዲህ መረባቸውን እንዴት እንደሚይዝባቸው፣ እንዴት በእጃቸው እየነቀሉ እንደለፉ ይነግሯችኋል። ሐይቁ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሸክሙ ግን ያለው እነዚህ ሰዎች ጫንቃ ላይ ነው። ቀረሶ ወይም አምባዛ እዚያው ግዙ። መንደሩ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ብትወስዱት ይጠብሱላችኋል፤ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ በሞቀ እንጀራ።

እሱን በልታችሁ ስትጨርሱ ከሦስት ሰዓት በፊት መኪና መያዣው ጋ ቁሙ። ሚኒባስ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሳይሞላ ይቀራል። ከሾፌሩ ኋላ በመስኮት በኩል ተቀመጡ፤ እንግዶቼ ሁሉ አዘዞ ሲደርሱ «ያ ገነተ ኢየሱስ ነው አይደል?» ብለው በጣታቸው የሚያሳዩኝ ከዚያ ወንበር ነው።