የጃፓን ጎራዴ በትዕዛዝ ስታሰሩ ምን ምን ማየት አለባችሁ?

ካታና (ቆልማማ ረጅም የጃፓን ጎራዴ) በትዕዛዝ እንሰራለን የሚሉ የኢንተርኔት ሻጮች አብዛኞቹ የሚያሰሩት ቻይና ውስጥ ሎንግቹዋን በምትባል ከተማ ነው። ይሄ ነውር የለውም፤ ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ በሰይፍ ስራ ስም ያላት ናት። ጃፓን ውስጥ ግን ፈቃድ ያለው አንጥረኛ በወር ከሁለት ረጅም ጎራዴ በላይ መስራት አይፈቀድለትም። ዋጋውም ብዙ ሺህ ዶላር ነው። አዲስ «ኦሪጅናል የጃፓን» በ300 ዶላር ካቀረቡላችሁ እዚያው ተሰናበቱ።

መጀመሪያ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ የማይዝግ ብረት ይበቃል። ግን አትወዝውዙት፤ እንዲህ ያለ ረጅም ብረት ሲመታ ሊሰበር ይችላል።

ለመቁረጥ ከሆነ ቀጥሎ ብረቱን ምረጡ። ቁጥሮቹ አያስፈሯችሁ። 1060 ማለት 0.60 በመቶ ገደማ ካርቦን ነው፣ 1095 ደግሞ 0.95። ካርቦኑ ሲጨምር ስለቱ ይጠነክራል፣ ግን ቶሎ ይሸረፋል። ለጀማሪ 1060 ወይም 9260 የሚባለው የሞላ (የስፕሪንግ) ብረት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ የተቀጠቀጠ ብረት ያምራል፣ ያው ማማር ነው። ድሮ ብረቱን ያጥፉት የነበረው ቆሻሻውን ለማስወጣት ነው፤ የዛሬው ከፋብሪካ ንጹህ ሆኖ ይመጣል። ለሱ የምትጨምሩትን ብር ለጥሩ ማጠንከሪያ ብታውሉት ይሻላል።

ማጠንከሪያው ዋናው ጉዳይ ነው። አንጥረኛው ጀርባውን ወፍራም ጭቃ፣ ስለቱን ስስ ጭቃ ይቀባና አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለስለስ እንዳለ ይቀራል። በሁለቱ መሃል የሚወጣው ሞገድ የሚመስል መስመር ሃሞን ይባላል። ማጭበርበር የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩን ብረቱን መብራት ስር ቀስ እያለ እያዘነበለ ቪዲዮ እንዲልክ ጠይቁት። እውነተኛው ሞገድ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ብቅ ይላል። ጠርዙ ጉም ይመስላል፤ ቀረብ ሲባል ደቃቅ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ ብቻ እንደ ሥዕል የተሳለው የውሸት ሞገድ ከየትም ቢታይ አንድ ዓይነት ነጭ ነው፣ ሞገዱም ራሱን ይደጋግማል። 9260 ላይ ደማቅ ሞገድ ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲሁ የተሳለ የውሸት ሞገድ ነው።

ቀሪውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት እጀታው ተፈቶ ፎቶ ይነሳላችሁ። ውስጥ የሚገባው ጭራ ሰፊና ረጅም፣ ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ መሆን አለበት። ቀጭን ብሎን በብየዳ የተቀጠለበት ከሆነ እርሱት። ስትቆርጡበት ስለቱ ተነቅሎ ሊወረወር ይችላል።

የአገራችሁን ሕግም እዩ። እንግሊዝና ዌልስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴ መሸጥና ማስገባት ከልክለዋል፤ በባህላዊ ዘዴ በእጅ ለተሰራ ግን ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ አለ። ሻጩ ይህን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

ሲደርሳችሁ እሽጉን ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ክፈቱ። ጎራዴውን ከአፎቱ ስታወጡ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በጀርባው በኩል አንሸራቱት። ከዚያ እጀታውን ያዙና የያዘውን እጃችሁን በሌላው መዳፍ መታ መታ አድርጉ። ከተንቀጫቀጨ እጀታውን ከጭራው ጋር የሚያያይዘውን የቀርከሃ ችንካር እዩ፤ ላልቶ ወይም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ችንካሩ ደህና ሆኖ ከተንቀጫቀጨ ግን አትቁረጡበት። ቪዲዮውን አያይዛችሁ ለሻጩ መልሱ።